በታንኳ ላይ ትንሽ ሞተር ስለ መግጠም

ገበሬ ቀንበር ሲያስጠርብ የበሬውን ትከሻ ይለካል። ለወይፈን የታላቅ በሬ ቀንበር የተጫነበት እንደ ሆነ አንገቱ ይላጣል፥ ትልሙም ይጣመማል፤ በመጨረሻም በሬውም ሥራውም ይበላሻሉ። በባሕር ላይ የሚሠራውም ሰው ሕጉ ይኸው ነው። የባሕር ገበሬ ማለት ዓሣ አጥማጁ ነው፤ በሬው ታንኳው፥ ቀንበሩም ሞተሩ ነው። ስለዚህ ዛሬ በዚህ የእርሻ ገጽ ትንሽ ሞተር በታንኳ ላይ እንዴት እንደሚገጠም፥ ምን ያህል ጉልበትም እንደሚበቃው እንገልጻለን።

ምሳሌ የምናደርገው የጅቡቲ ከተማን ነው። በጅቡቲ በቁጥር ከ1 እስከ 7 ከሚጠሩት የሕዝብ ሰፈሮች አንዱ ካርቲየ 4 ይባላል። ሰፈሩ ቀድሞ የምኒልክ አደባባይ ይባል ከነበረው፥ አሁን ግን በነጻነቱ ቀን በ27 ጁን 1977 (እ.ኤ.አ.) ስም ከተሠየመው አደባባይ በስተ ደቡብ ይገኛል። የምድር ባቡሩ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰበት ዘመን ጀምሮ ብዙ ኢትዮጵያውያን በዚህች ከተማ እየኖሩ የከተማይቱን እንጀራ ተካፍለዋል። ቤቱ በሰፈር፥ ሥራው ግን በባሕር የሆነ ሰው ታንኳውን በባሕሩ ዳር ያሳድራል፤ ሞተሩን ግን ነቅሎ ወደ ቤቱ ሊወስደው ይወዳል። ትንሽ ሞተር የሚመረጥበት አንደኛው ምክንያት ከዚህ ይጀምራል፤ ሰው ተሸክሞት ሊሄድ የሚችል መሆን አለበት።

የታንኳው ጠባይ

በጅቡቲ፥ በየመንና በቀይ ባሕር ዳርቻ ያለው ጥንታዊ ታንኳ ሁሪ ይባላል። ሁሪ በቀድሞ ጊዜ ከአንድ ግንድ እየተፈለፈለ ይሠራ ነበር፤ ብዙውም ከሕንድ አገር ከማላባር ጠረፍ በመርከብ እየተጫነ ይመጣ ነበር። ኋላም በጣውላ እየተገጣጠመ የሚሠራ ሆነ፤ በዘመናችንም ከፋይበር ግላስ የሚሠራው ብዙ ነው።

የጥንቱ ሁሪ ፊቱም ኋላውም ሹል ነው። ይህም ያለ ምክንያት የተደረገ አይደለም። በመቅዘፊያና በሸራ ለሚሄድ ታንኳ ሹል ኋላ እጅግ ይጠቅመዋል፤ ከበስተኋላ የሚመጣውን ማዕበል ለሁለት ከፍሎ ያሳልፈዋልና። ነገር ግን ሞተር የሚታሰርበት ጠፍጣፋ ስፍራ የለውም፤ ጫፉም ጠባብ ስለ ሆነ ከባድ ነገር ሲቀመጥበት ወደ ውሃው ይሰምጣል። እንግዲህ ችግሩ ይህ ነው፤ ለቀዛፊ የተሠራውን ታንኳ ለሞተር ስናውለው የታንኳውን ጠባይ መለወጣችን ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ሞተሩን ሊገጥም ይችላል፤ ታንኳውን ግን ሊያጠፋው ይችላል።

የሞተሩ ጉልበት

ከታንኳ ውጭ የሚንጠለጠለውን ሞተር በብዛት እየሠራ ለገበያ በማቅረብ ስሙ የታወቀው በኖርዌይ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገው ኦሌ ኤቪንሩድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 ለሽያጭ ያቀረበው ሞተር 1.5 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው፤ ክብደቱም 28 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። ዛሬ በዚያው ክብደት 5 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ይገኛል። 15 የፈረስ ጉልበት ያለው ግን እንደ ዓይነቱ ከ35 እስከ 50 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ለአንድ ሰው ትከሻ የሚመች አይደለም።

ብዙ ሰው ጉልበቱ እጥፍ ቢሆን ፍጥነቱም እጥፍ የሚሆን ይመስለዋል። ይህ ስሕተት ነው። ታንኳ በውሃ ላይ ሲሄድ ከፊቱ ማዕበል ያነሣል፤ ፍጥነቱ እየጨመረ በሄደ መጠን ማዕበሉም እየረዘመ ይሄዳል። የማዕበሉ ርዝመት ከታንኳው ርዝመት ጋር የተካከለ ጊዜ ታንኳው አፍንጫውን አንሥቶ ኋላውን ወደ ውሃው ይቀብራል፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመረው ጉልበት አብዛኛው የሚያልቀው ማዕበል በማንሣት ነው። በውሃው ላይ 6 ሜትር ርዝመት ላለው ታንኳ ይህ ወሰን በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደዚህ ወሰን ለመቅረብ እንደ ጭነቱ ከ3 እስከ 5 የፈረስ ጉልበት ይበቃዋል። በጠባብ ታንኳ ላይ 15 የፈረስ ጉልበት የሚጭን ሰው ቤንዚኑን ያቃጥላል፥ የታንኳውን ኋላ ያሰምጣል፥ ከዚህ በቀር ግን ብዙ የሚያተርፈው ነገር የለም።

ሞተሩ የሚቀመጥበት ስፍራ

ሞተሩን ለማስቀመጥ ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው መንገድ ታንኳውን ሳይቈርጡ በጎኑ ማሰር ነው። ውፍረቱ 5፥ ወርዱ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ጠንካራ እንጨት ከታንኳው አንዱ ከንፈር እስከ ሌላው ከንፈር ይጋደማል፤ ስፍራውም ከታንኳው ኋላ ሲለካ የርዝመቱ አንድ ሦስተኛ ከመሙላቱ በፊት ይሁን። እንጨቱ በሁለቱም ከንፈር ላይ በቡሎን ይጠበቃል፤ በአንድ ወገን ጥቂት ወደ ውጭ ይወጣና በጫፉ ላይ ሞተሩ የሚነክሰው ጠንካራ ጣውላ ይቆምበታል። ይህ መንገድ ርካሽ ነው፤ ታንኳውንም አይጎዳውም። ነገር ግን ሞተሩ ከመካከል ውጭ ስለሚገፋ የታንኳው አፍንጫ ወደ ሌላው ወገን ሊዞር ይፈልጋል፤ ይህንንም ነጂው በእጀታው ሲያቃና መዋል አለበት። ደግሞም የሞተሩ ክብደት ታንኳውን ወደ አንድ ጎን ስለሚያዘነብለው የቤንዚኑን ጀሪካንና መልሕቁን በተቃራኒው ወገን ማኖር ይገባል። በዚህ ዓይነት የሚታሰር ሞተር ከ3 የፈረስ ጉልበት ባይበልጥ ይመረጣል።

ሁለተኛው መንገድ የታንኳውን ሹል ኋላ ቈርጦ ጠፍጣፋ ጀርባ ማበጀት ነው። ይህን ሥራ የጀልባ ሥራ የሚያውቅ አናጢ ሊሠራው ይገባል። ቈረጣው የሚደረገው የታንኳው ወርድ ለሞተሩ መዞሪያ በሚበቃበት፥ ይኸውም ቢያንስ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል በሆነበት ስፍራ ነው። በቦታው የሚገባው ጣውላ ጠንካራ እንጨት ወይም በውሃ የማይላቀቅ ድርብ ኮምፔንሳቶ ሆኖ ውፍረቱ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። ጣውላው ብቻውን ግን አይበቃም። የሞተሩ ግፊት ሁሉ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ስለ ሆነ፥ እንደ ክርን የታጠፈ ድጋፍ እንጨት አንዱ ወደ ታንኳው ወለል፥ ሁለቱ ደግሞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጎን ተደርጎ በቡሎን መያያዝ አለበት። ያለ ክርን የተመታ ጣውላ ጥቂት ወራት ያገለግል ይሆናል፤ አንድ ቀን ግን በጥልቁ ባሕር መካከል ከነሞተሩ ይገነጠላል። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ሥራ ይስማማዋል።

ከፍታውና አቀማመጡ

ትንንሽ ሞተሮች ባለ አጭርና ባለ ረጅም እግር ሆነው ይሠራሉ። አጭሩ 38 ሳንቲ ሜትር ገደማ፥ ረጅሙ 51 ሳንቲ ሜትር ገደማ ለሆነ የጀርባ ከፍታ የታሰቡ ናቸው። ስለዚህ ሞተር ከመገዛቱ በፊት ከታንኳው ሆድ እስከ ጣውላው አፍ ያለው ከፍታ በሜትር ይለካ።

ከፕሮፔለሩ በላይ እንደ ክንፍ ተዘርግታ የምትታይ ጠፍጣፋ ብረት አለች። ይህች ብረት ከታንኳው ሆድ ጋር ትክክል፥ ወይም ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብላ መገኘት አለባት። ከዚህ ከፍ ያለች እንደ ሆነ ፕሮፔለሩ ከላይ አየር ይስባል፤ ሞተሩ በከንቱ ይጮኻል፥ ታንኳውም አይሄድም። እጅግ ዝቅ ያለች እንደ ሆነ ደግሞ እግሩ ውሃውን እየጎተተ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ማዕበልም የሞተሩን ራስ ይመታዋል።

ጣውላው ቀጥ ብሎ ሳይሆን ወደ ኋላ 12 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ ቢቆም ብዙዎቹ ሞተሮች ይስማሙበታል። ከዚያም በሞተሩ መያዣ ላይ ካሉት ቀዳዳዎች ፒኑን እየለዋወጡ፥ ታንኳው ሲሄድ የሞተሩ እግር በውሃው ውስጥ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ ማስተካከል ነው። እግሩ ወደ ታንኳው ከገባ አፍንጫው ይደፋል፤ ወደ ውጭ ከወጣ ደግሞ አፍንጫው ይነሣል።

ስለ ማሰርና ስለ መጠበቅ

ሞተሩ በሁለት መንከሻ ብሎኖች ጣውላውን ይነክሳል። እነዚህ በእጅ የሚጠበቁ ናቸውና በመንቀጥቀጥ ይላላሉ። ስለዚህ ከጥቂት ጊዜ ጉዞ በኋላ ሁልጊዜ እንደ ገና መጠበቅ ያስፈልጋል። ሞተሩ በየቀኑ የማይነቀል ከሆነ በጣውላው ውስጥ የሚያልፉ ሁለት ቡሎኖች፥ ሰፊ ሮንዴላና የማይላላ ዳዶ ይጨመሩለት። ቡሎኖቹ ዝገት የማይነካቸው ይሁኑ፤ ተራ ብረት በጨው ውሃ ውስጥ ፈጥኖ ያልቃል፥ ዝገቱም ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ቀዳዳውም ከመሰርሰሩ በኋላ ውሃ እንዳይገባበት በማሸጊያ ይሞላ።

ከዚህ ሌላ ሁለት ገመዶች አሉ። አንደኛው ገመድ ሞተሩን ከታንኳው ወገብ ጋር የሚያስር ነው፤ መንከሻው ቢላቀቅ ሞተሩ ወደ ባሕሩ ወለል አይወርድም። ሁለተኛው ከሞተሩ ማጥፊያ ተነሥቶ በነጂው እጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው አጭር ገመድ ነው። ነጂው ከታንኳው የወደቀ እንደ ሆነ ገመዱ ተስቦ ሞተሩን ያጠፋዋል። ይህ ገመድ ባይኖር ግን ሰው አልባው ታንኳ ዞሮ በራሱ ነጂ ላይ ሊመጣ ይችላል። ዋጋው ትንሽ ነው፤ የሚጠብቀው ግን ነፍስ ነው።

ሚዛንና ጭነት

25 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሞተር፥ 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ነጂና የቤንዚን ጀሪካን ሁሉም በታንኳው ኋላ ሲሰበሰቡ ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ይሆናሉ። ስለዚህ ጀሪካኑ፥ መረቡ፥ መልሕቁና ዓሣው ወደ መካከልና ወደ ፊት ይሂዱ። በእጀታው ላይ መቀጠያ ዘንግ ቢጨመርለት ነጂውም ወደ መካከል ቀረብ ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። ጉልበቱን በድንገት ቀንሶ ማቆምም አደገኛ ነው፤ ታንኳው ሲቆም የራሱ ማዕበል ከኋላው ደርሶ በዝቅተኛው ጣውላ ላይ ይገባል። ጉልበቱ ቀስ በቀስ ይቀነስ።

ታንኳው ሙሉ ጭነቱን ይዞ ሳለ ከውሃው እስከ ከንፈሩ ቢያንስ አንድ ስንዝር ተኩል ደረቅ ጎን ሊቀረው ይገባል። ከዚህ ያነሰ እንደ ሆነ አንድ ሰው ወይም አንድ ኩንታል መቀነስ አለበት። ሞተር ጉልበት ይጨምራል እንጂ ታንኳው የሚሸከመውን አይጨምርም። ይህን የምንለው በዋዛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 በኤፕሪል ወር በኦቦክ አውራጃ ጎዶሪያ በሚባለው የባሕር ዳርቻ አካባቢ ስደተኞችን የያዙ ሁለት ጀልባዎች በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ተገልብጠው፥ ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑ ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በዚያ ባሕር ላይ ሰው የሚጭን ሁሉ የታንኳውን ልክ ከገንዘቡ አስቀድሞ ያስብ።

የቤንዚን ሒሳብ

5 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ አራት ምት ሞተር በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ በሰዓት 2 ሊትር ያህል ቤንዚን ይፈጃል። ባለ ሁለት ምቱ ከዚህ የበለጠ ይጠጣል፤ በቤንዚኑም ውስጥ ዘይት ይቀላቀልበታል። ብዙዎቹ ዘመናዊ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር፥ ማለት ለ10 ሊትር 200 ሚሊ ሊትር ዘይት ይፈልጋሉ፤ ነገር ግን የሞተሩ መጽሐፍ የሚያዝዘው ይፈጸም።

እንግዲህ አንድ የካርቲየ 4 ነዋሪ ወደ ሙሻ ደሴት አካባቢ ሄዶ ዓሣ ሊያጠምድ አሰበ እንበል። ደሴቲቱ ከከተማው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ቢሄድ መሄጃው 1 ሰዓት ተኩል ነው፥ ቤንዚኑም 3 ሊትር። መመለሻው ሌላ 3 ሊትር ነው። እዚህ ላይ 6 ሊትር ይዞ የሚነሣ ሰው ስቷል። ሕጉ እንዲህ ነው፤ አንድ እጅ ለመሄጃ፥ አንድ እጅ ለመመለሻ፥ አንድ እጅ ለክፉ ቀን። ስለዚህ ከ9 ሊትር ያላነሰ ይያዝ። በበጋው ወራት ከምዕራብ በኩል የሚነሣው ደረቅና ትኩስ ነፋስ፥ ካምሲን የሚባለው፥ ወደ ውጭው ባሕር ይገፋል። በነፋስ ፊት ለፊት መመለስ ከመሄድ ይልቅ ረጅም ሰዓትና ብዙ ቤንዚን ይፈጃል። ለዚሁም ሞተር ያለው ሰው መቅዘፊያውን፥ መልሕቁንና የመጠጥ ውሃውን በቤት ትቶ መውጣት አይገባውም።

የገንዘቡም ሒሳብ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ሞተር ለመግዛት የተበደረ ሰው ከእያንዳንዱ ጉዞ ዋጋ ላይ የቤንዚኑን፥ የዘይቱን፥ የዕዳውን ድርሻና ለጥገና የሚቀመጠውን ይቀንስ። የሞተር ትልቁ ጥቅም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር ዓሣው ሳይበላሽ ለገበያ መድረሱ ነው። ከሞተሩ ጋር በረዶ የሚይዝ ሣጥን ያላዘጋጀ ሰው የጥቅሙን እኩሌታ ጥሏል። ጉልበቱ በበዛ ሞተር የሚቃጠለው ትርፍ ቤንዚን ግን በየቀኑ ከልጆቹ እንጀራ ላይ የሚቈረስ መሆኑን ያስታውስ።

ከጨው ስለ መጠበቅ

የሞተር ጠላት ጨው ነው። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በባሕሩ ውሃ ስለ ሆነ ጨው በውስጡ ባሉት ቀጫጭን መንገዶች ይጋገራል። ከባሕር በተመለሰ ቍጥር ሞተሩን በንጹሕ ውሃ በተሞላ በርሜል ውስጥ አቁሞ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ማስነሣት ይገባል። ሲሠራም ከጎኑ የሚረጨውን ቀጭን ውሃ ተመልከት፤ ውሃው ካልወጣ ማቀዝቀዣው ተዘግቷልና ፈጥነህ አጥፋው። ከታች ያለው የጥርስ ዘይት እንደ ወተት ነጥቶ ቢገኝ ውሃ ገብቶበታል፤ ማሸጊያው መለወጥ አለበት። በእግሩ ላይ የተለጠፈው የዚንክ ቍራጭ በጨው እንዲበላ ተብሎ የተሠራ ነው፤ እርሱ ሲያልቅ ጨው ዋናውን ብረት ይጀምራልና አዲስ ይተካበት። ትርፍ ካንዴላ፥ ትርፍ የፕሮፔለር ፒን፥ ካቻቢቴና መፍቻ በደረቅ ዕቃ ተጠቅልለው በታንኳው ውስጥ ይኑሩ።

ስለ ጣና ሐይቅ

የባሕር ጠረፍ የሌለው አገራችን ሰው ይህን ትምህርት በሐይቅ ላይ ያውለዋልና ስለ ጣናም ጥቂት እንጨምር። በደንገል የተሠራውን የጣና ታንኳ ሞተር ሊገጥሙበት አይቻልም፤ ደንገል ቡሎን አይዝም፥ ውሃም ስለሚጠጣ ዕድሜው አጭር ነው። ሞተር የሚሸከመው የእንጨት፥ የብረት ወይም የፋይበር ግላስ ጀልባ ነው። ደግሞም ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ስለ ሆነ አየሩ ቀጭን ነው፤ በጅቡቲ 5 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው ሞተር በባሕር ዳር ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህሉን ያጣል። ይህን ለማካካስ በአንድ ዙር ወደፊት የሚጓዘው ርቀት አነስ ያለ ፕሮፔለር ይመረጥለታል።

ጣና ግን ሌላም ትምህርት ሰጥቶናል። እ.ኤ.አ. በ1986 ከኔዘርላንድ በመጣ እርዳታ ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና የናይሎን መረቦች ወደ ሐይቁ ገቡ። ዓሣ አጥማጁ ቀድሞ በደንገል ታንኳ ከማይደርስበት ስፍራ ደረሰ፤ ገቢውም አደገ። ነገር ግን በክረምት ባርባስ የተባሉት ዓሦች ሊራቡ ወደ ጕማራና ወደ ሌሎች ወንዞች ሲወጡ በየወንዙ አፍ መረብ ይዘረጋ ጀመር። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ያደረጉት ጥናት የእነዚህ ዓሦች ብዛት በክብደት 75 በመቶ ያህል መቀነሱን አሳየ። በ1995 ዓ.ም. ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315 መውጣቱ ለእንዲህ ያለው ጉዳት ወሰን ለማበጀት ነው። የዘር ጎተራውን የሚበላ ገበሬ ለከርሞ የሚዘራው አያገኝም፤ ሞተሩ ያደረሰው ስፍራ ሁሉ መረብ የሚጣልበት ስፍራ አይደለም።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ወዳጃችን ዓሣ አጥማጅ ሆይ፥ ሞተር ለመግዛት ወደ ሱቅ ከመሄድህ በፊት ወደ ታንኳህ ሂድ። ርዝመቱን፥ የኋላውን ወርድና ከፍታ ለካ፤ የምትጭነውን መዝን፤ የምትሄድበትን ርቀት ቍጠር። ከዚያ በኋላ ትንሹን ሞተር ምረጥ፤ በክርን በተደገፈ ጣውላ ላይ እሰረው፤ በገመድ አጽናው፤ ማታ በንጹሕ ውሃ አጥበህ ወደ ሰፈርህ ውሰደው። መቅዘፊያህን ግን ከታንኳህ አታውጣ። ሞተሩ ያጠፋ ዕለት ወደ ቤትህ የሚመልስህ እርሱ ነው።